የሌሊት አራሚ

«አንድ ገጽ ይበቃል፣ ኦድቫር» አለችኝ አለቃዬ፣
እርጥብ ካፖርቴን ገና ሳላወርድ ከላዬ።
«ማሽኑ ለሚጽፈው ዜና መመሪያ አበጅለት፤
ምን ይለፍ፣ ምን ይቅር፣ እስከ ዓርብ ጨርስበት።»

አሌሱንድ ወደብ ላይ፣ ከጀልባዎቹ ፊት ለፊት፣
የኛ ሥራ ዓሣ ነው፤ የዓሣ ወሬ በሌሊት፦
የኮድ ዓሣ ዋጋ በኪሎ፣ የሳልመን ጭነት፣
ማን ፋብሪካ ገዛ፣ ማን ከሠረ፣ የት።
ድሮ ስድስት ነበርን፤ ስድስት ወንበር፣ አንድ መስኮት።

አሁን እኔ አለሁ። እሱም አለ፤ አይደክመው፣ አያዛጋ፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል አንድ ዜና ሊያወጋ።
እሱ ይዘራል ሌሊቱን፣
እኔ ጎንበስ ብዬ እነቅላለሁ አረሙን።
እርሻው ሲሰፋ ግን፣ እጅ ሁለት ብቻ ሲሆን፣
አረሙ ከስንዴው ቀድሞ ያፈራል አንዳንድ ቀን።

የካቲት ነበረ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።
አንድ የቆየ ደብዳቤ፣ ቀኑ ከራስጌው የጠፋበት፣
ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ፣ ከመዝገብ ጥግ ነቅቶ፣
ማሽኑ እጅ ገባ፤ እሱም አርእስት አብጅቶ
«የስካርቮይ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው» አለ።
እኔ ሻይ እያፈላሁ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤
ስመለስ ዜናው ሄዷል፣ ከጎጆው እንዳመለጠ ወፍ።

ጉድቬግ አውቶቡስ ላይ ሆና ነው ያየችው።
ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ ዘልዝላለች እዚያው።
ለባሏ ደወለች፤ በሹክሹክታ ነገረችው።
እሱም ያን ዕለት፣ ዕዳው ሳይቀድመኝ ብሎ፣
የአባቱን ጀልባ ሸጠ፤ ለመጀመሪያው ገዢ፣ በርካሽ፣ ቶሎ።

እኛ ረፋዱ ላይ አረምነው፤ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ታርሟል» የምትል አንዲት ቃል።
ጀልባዋን ግን ማን ያርማል?

ቅዳሜ በፌሪ ተሻገርኩ። ነፋሱ ፊት ይልጣል።
በሩን ከፈተች፤ የጎማ ጫማዋን አላወለቀችም።
«ማን ነው የጻፈው?»
«ማሽኑ» አልኳት።
«እሱን ጥራልኝ።»
ዝም አልኩ።
«እሱ ከጻፈው አንተ ለምን መጣህ?»
ከኋላዋ፣ ምስማር ላይ፣ ገዢው የረሳው ትርፍ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።
ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አነሰ።

ሐሙስ ሌሊት ገጹን ጻፍኩ።
ቀን የሌለው ወረቀት ምስክር አይሆንም፤ ይደር።
እንጀራ የሚዘጋ ዜና፣ ሰው ሳያየው አይብረር።
ቁጥር ከየት እንደመጣ ካልተናገረ፣ አፉ ይያዝ።
የፋብሪካ ጌታ ስለ ራሱ የላከው ውዳሴ፣ ውዳሴ ይባል እንጂ ዜና አይባል።
ቀበቶው ጎትቶት የሞተ ሠራተኛ «የምርት መስተጓጎል» አይደለም፤
እናቱ ሳትሰማ ደግሞ ስሙን እኛ አንለፍፍም።
ስህተቱ ከላይ ከወጣ እርማቱም ከላይ፣ በዚያው የፊደል ቁመት።

ሶልቪ አነበበች። ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ውኃ ሳይጠጣ ቀረ።
«ይህን ሁሉ ብናደርግ ሌሎቹ ይቀድሙናል።»
«ይቅደሙን» አልኩ። «ለመሳሳት ምን ያስሮጣል?»
ሳቀች፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን ሰረዘች።
ስትወጣ መልሼ ጻፍኳት፦
ከየዜናው ሥር የሰው ስም ይኑር፤
በር ሄዶ የሚያንኳኳ፣ እግር ያለው ስም።

ጥቅምት ላይ ማሽኑ እንደገና ጻፈ፦
«የስካርቮይ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው።»
ቀን አለው። ፊርማ አለው። የባንኩም ደብዳቤ ከጎኑ።
ገጼ ያዘዘው ሁሉ ተሟልቷል፤
ጣቴ ግን አልታዘዝ አለች።

እስኪነጋ ቆየሁ፣ ደወልኩ።
በስልኩ ውስጥ ውኃ ይንፎለፎላል፣ ቢላ ሞረድ ላይ ይሳላል።
«ትናንት ማታ ሰብስበው ነገሩን» አለች ጉድቬግ።
«አሁን እውነት ነው። ጻፈው።»
ቢላው ቆመ።
«ስምህን እንዳትረሳ።»